የተበላሸ ክሬዲት እንዴት ይጠገናል? ከመክፈል በፊትና በኋላ የሚሠሩ ሥራዎች

አሜሪካ የሚኖር ሰው ክሬዲቱ መበላሸቱን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ከባንክ ደብዳቤ አይደለም። አፓርታማ ሊከራይ አመልክቶ ሲከለከል፣ ወይም ለመኪና ብድር የተጠየቀው ወለድ የሥራ ባልደረባው ከሚከፍለው እጥፍ ሆኖ ሲያገኘው ነው። መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ ለዘመድ ዋስ ሆነው የፈረሙበት መኪና፣ ለለቅሶ ሀገር ቤት ሄደው ሲቆዩ የተጠራቀመ የካርድ ዕዳ፣ ኢንሹራንስ ይከፍለዋል ተብሎ የተተወ የሆስፒታል ቢል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተትም የተለመደ ነው። ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ሲደውል ሰው ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ስልኩን ሳይዘጋ የባንክ ካርዱን ቁጥር ይሰጣል። መክፈል ግን ከዚህ በታች እንደሚያዩት አምስተኛው ሥራ ነው። ከፊቱ ያሉትን አራቱን ዘሎ የከፈለ ሰው ገንዘቡ ወጥቶ የክሬዲት ነጥቡ (ስኮሩ) እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበትን ዕዳም እንደገና ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ሲመጣ ለጊዜው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በጽሑፍ ላኩልኝ»።

ለሥራው የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም። አንድ ፎልደር፣ አንድ ደብተር፣ የመታወቂያዎ ኮፒ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ የመብራት ወይም የስልክ ቢል፣ እና ለጥቂት የአደራ ደብዳቤዎች የሚበቃ የፖስታ ገንዘብ። ደብተሩ ላይ ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባባሉትን ይጽፋሉ።

1. ሪፖርቱን ከሦስቱም ቦታ ያውጡ

የክሬዲት ታሪክዎን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። አበዳሪ ለሦስቱም የማሳወቅ ግዴታ ስለሌለበት አንዱ ጋ የሌለ ዕዳ ሌላው ጋ ሊኖር ይችላል። አንዱን ብቻ አይቶ መነሣት ግማሹን ሳያዩ መፍረድ ነው።

ሦስቱንም በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ትክክለኛው ቦታ አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው፤ በስልክ ከሆነ 1-877-322-8228። ስማቸው የሚመሳሰል ሌሎች ድረ ገጾች አሉ፤ «ነፃ» ብለው ጀምረው የካርድ ቁጥር ከጠየቁዎት ወጥተው ይሂዱ። ማንነትዎን ለማረጋገጥ ስለ ድሮ አድራሻዎና ብድሮችዎ ጥያቄ ይቀርብልዎታል። ቤት ቶሎ ቶሎ የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ከወደቁ ማመልከቻውን ሞልተው ከመታወቂያና ከአድራሻ ማስረጃ ኮፒ ጋር በፖስታ ይላኩ።

ሪፖርቱ ላይ ስኮር አያገኙም፤ ለጊዜውም አያስፈልግዎትም። ስልክዎ ላይ ያለው ክሬዲት ካርማ የሚያሳየው ቁጥር ቫንቴጅ ስኮር የሚባለው ሲሆን የኢኩፋክስንና የትራንስዩኒየንን መረጃ ብቻ ይዞ የሚሠራ ነው። ባንኩ የሚያየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋይኮ የተባለውን ነው። ሁለቱ በብዙ ነጥብ ቢለያዩ አይደንግጡ።

2. በብዕር ያንብቡት

ሪፖርቱን ያትሙትና ከስምዎ ይጀምሩ። ይህ ለእኛ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ አንዱ መዝገብ ላይ የአያት ስም ይገባል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከመታወቂያ መታወቂያ ይለያያል። በዚያ ላይ በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለት የሚመሳሰል ስም ያላቸው ሰዎች አንድ አፓርታማ ተጋርተው ከነበረ የአንዱ ዕዳ በሌላው ፋይል ውስጥ የሚገባበት ዕድል ሰፊ ነው። የማያውቁት አድራሻ፣ ኖረውበት የማያውቁት ስቴት፣ የሌላ ሰው ስም ካዩ ያስምሩበት።

ከዚያ በእያንዳንዱ መጥፎ ዕዳ ላይ አራት ነገር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፦ ዋናው አበዳሪ ማን ነበር፣ አሁን ዕዳው በማን እጅ ነው፣ ስንት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈል ያቆሙት መቼ ነው። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ያልተከፈለ ዕዳ ሪፖርት ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ከፍለው ካልጨረሱት ከዚያ የመጀመሪያ ውዝፍ ቀን ነው። ዕዳው አምስት ጊዜ ቢሸጥ ቀኑ አይለወጥም። ገዢው ድርጅት አዲስ ቀን ጽፎበት ከሆነ ሕግ ጥሷል፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ጥሩ መሣሪያ አገኙ ማለት ነው።

«ቻርጅ ኦፍ» የሚል ካዩ ዕዳው ተማረ ብለው አይደሰቱ። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለ180 ቀናት ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ በራሱ ሂሳብ ላይ እንደ ኪሳራ ይመዘግበዋል፤ ከእርስዎ የመፈለግ መብቱ ግን እንዳለ ነው፤ ሊሸጠውም ይችላል። ከተሸጠ በኋላ ባንኩ ቀሪውን ዜሮ ብሎ፣ ገዢው ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ ጽፎ ሁለቱም ሪፖርትዎ ላይ መታየታቸው ስሕተት አይደለም። ሁለቱም «ይህን ያህል አለበት» ካሉ ግን ስሕተት ነው።

የሕክምና ቢል የተለየ አያያዝ አለው። ሦስቱ ድርጅቶች ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽንን አውጥተዋል፤ አንድ ዓመት ያልሞላውን አያሳዩም፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን አንሥተዋል። እነዚህን ካገኙ ወዲያውኑ ይከራከሩ።

3. ስሕተቱን በጽሑፍ ይከራከሩ

ይህ ሥራ ከፖስታ በቀር ገንዘብ አያስወጣም፤ ዕዳ ሳይከፍሉ ስኮር ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ነው ከድርድር በፊት የመጣው። ስሕተቱ ለሚታይበት ድርጅት ደብዳቤ ይጻፉ፤ በደብዳቤው ላይ የሂሳቡን ቁጥር፣ ስሕተቱ ምን እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ያስቀምጡ። ስሕተቱን በሪፖርቱ ገጽ ላይ ከብበው ገጹን ከማስረጃው ኮፒ ጋር ያያይዙ። ዋናውን ማስረጃ በጭራሽ አይላኩ። ተቀባዩ የፈረመበት ወረቀት በሚመለስበት ሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩት። በኢንተርኔትም ማቅረብ ይቻላል፤ ፈጣንም ነው። ነገሩ ውስብስብ ከሆነ ግን ፖስታው ይሻላል፤ ኋላ ላይ የሚያሳዩት ነገር በእጅዎ ይቀራል።

ድርጅቱ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ 45 ቀን ይደርሳል። ማረጋገጥ ካልቻለ ያወጣዋል። ተመሳሳዩን ደብዳቤ ስሕተቱን ላቀረበው አበዳሪም ይላኩ፤ አንዱ ጋ ብቻ የተስተካከለ ስሕተት በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄ። እውነተኛ የሆነውን ዕዳ ሁሉ «የእኔ አይደለም» ብሎ መካድ አያዋጣም፤ ክርክርዎ መሠረት የሌለው ተብሎ ይዘጋል፤ እውነተኛው ስሕተትም አብሮ ዋጋ ያጣል። ሁለተኛው ጥንቃቄ በቴሌግራምና በቲክቶክ «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉትን ይመለከታል። የፌዴራል ሕግ የክሬዲት ጥገና ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ውል ከፈረሙ በኋላም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላሉ። እነሱ የሚልኩትን ደብዳቤ እርስዎ መላክ ይችላሉ። በሶሻል ሴኩሪቲ ፈንታ አዲስ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር እንሰጥዎታለን የሚል ከመጣ ደግሞ ይሽሹ። በዚያ ቁጥር ብድር ማመልከት ወንጀል ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው መዘዙ ከዕዳው ይብሳል።

4. ኮሌክሽኑን ማስረጃ ይጠይቁ፤ ይርጋውንም ያጣሩ

ዕዳ ሰብሳቢው መጀመሪያ ካገኘዎት በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ስለ ዕዳው የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊልክልዎ ይገባል። ይህ ከደረሰዎት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። ብዙ ጊዜ የተሸጠ ዕዳ ሰነዱ የጎደለ ነው፤ ገዢው አንዳንዴ ያለው የስምና የገንዘብ ዝርዝር ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው አበዳሪ ማን እንደሆነና ገንዘቡ ከምን ከምን እንደተደመረ ይጠይቁ። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ መደወል አይፈቀድለትም (በአሜሪካ አቆጣጠር)፤ ዕዳዎን ለእድርዎ ሰብሳቢ፣ ለቤተ ክርስቲያንዎ ወይም ለጎረቤትዎ መናገርም አይችልም። «እናሳስርሃለን» ማለትም ሐሰት ነው፤ ሰው በክሬዲት ካርድ ዕዳ አይታሰርም።

አሁን ወደ ይርጋው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው። ሪፖርት ላይ የሚቆይበት 7 ዓመት አንድ ነገር ነው፤ አበዳሪው ፍርድ ቤት ሊከስዎ የሚችልበት ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው በስቴት ይለያያል፦ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ 3 ዓመት፣ በቴክሳስ 4፣ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5፣ በዋሽንግተን ስቴት ለጽሑፍ ውል 6 ዓመት ነው። ይርጋው ያለፈበትን ዕዳ ሰብሳቢው ሊከስበት ወይም እከሳለሁ ብሎ ሊያስፈራራበት አይችልም። ነገር ግን በአንዳንድ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ ወይም «አዎ፣ አለብኝ» የሚል ደብዳቤ ይርጋውን ከዜሮ ሊያስጀምረው ይችላል። ያ በመሸማቀቅ የሚከፈል 50 ዶላር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዕዳው ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖት ሊወርድ የቀረው ጥቂት ወር ከሆነና ይርጋውም ካለፈ፣ ከሕግ አንፃር ዝም ማለት የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሕሊናዎ የሚልዎት የእርስዎ ጉዳይ ነው።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን ዝም ማለት የለም። ቀኑን ያንብቡ፣ መልስ ይስጡ፣ ይቅረቡ። ይርጋ እንኳ አልፎ ቢሆን ቀርበው ካልተናገሩ ዳኛው ራሱ አያነሣልዎትም። ያልቀረበ ሰው ይፈረድበታል፤ ከዚያ ደመወዙ ሊያዝ ይችላል፤ የፌዴራል ሕግ ለተራ ዕዳ የፈቀደው ጣሪያ ከግብርና ከመሰል ተቀናሾች በኋላ ከሚቀረው ደመወዝ 25 በመቶ ነው። ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አያስተርጉሙ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ በየከተማው ያሉ የነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይይዛሉ።

5. ይደራደሩ፣ በጽሑፍ ይያዙ፣ ከዚያ ይክፈሉ

ዕዳው እውነት ከሆነ፣ ይርጋው ካላለፈ ወይም መክፈል ከመረጡ ጊዜው አሁን ነው። መጀመሪያ ዕዳው አሁንም በዋናው ባንክ እጅ መሆን አለመሆኑን ይወቁ፤ ባንኩ ጋ ካለ የችግር ጊዜ አከፋፈል እንዳለው ይጠይቁ። ከተሸጠ ድርድሩ ከገዢው ጋር ነው።

በአንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው ብዙ ቅናሽ ያገኛል። እቁብ ካለብዎትና ዕጣው የሚደርስበትን ወር ማስተካከል ከቻሉ ከዚህ የተሻለ ጥቅም አያገኙለትም። በ3,000 ዶላር ዕዳ ላይ ማውጣት የሚችሉት 1,500 ከሆነ ከ1,000 ይጀምሩ። ያለዎትን ጣሪያ በመጀመሪያው ስልክ አይናገሩ። ስለ ደመወዝዎና ስለ ባንክዎ ለሚጠየቁትም የመመለስ ግዴታ የለብዎትም።

ከተስማሙ በኋላ አንድ ሳንቲም ከመላክዎ በፊት ስምምነቱን በደብዳቤ ይቀበሉ። ደብዳቤው የሂሳቡን ቁጥር፣ የሚከፈለውን ገንዘብና ቀን፣ ቀሪው እንደማይፈለግብዎትና ለሌላ እንደማይሸጥ፣ ለክሬዲት ድርጅቶቹ ምን ብለው እንደሚያሳውቁ መያዝ አለበት። ከተከፈለ በኋላ ከሪፖርቱ ጨርሶ እንዲያወጡት ይጠይቁ፤ ግዴታ የለባቸውም፤ ብዙዎች እምቢ ይላሉ፤ እሺ ካሉ ግን ያንንም በጽሑፍ። ሲከፍሉ በካሺየርስ ቼክ ወይም ትንሽ ገንዘብ ብቻ ካለበት ሌላ አካውንት ይክፈሉ። ደመወዝ የሚገባበትን አካውንት ቁጥር የሰጠ ሰው ከተስማማው በላይ ሊወሰድበት ይችላል።

ቅናሽ ካገኙ ግብር አለ። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የተሰረዘልዎትን ዕዳ አበዳሪው ለአይአርኤስ እንደ ገቢ ሊያሳውቅና 1099-ሲ የሚባል ፎርም ሊልክልዎ ይችላል። በዚያን ጊዜ ያለብዎት ዕዳ ከሀብትዎ ይበልጥ ከነበረ በፎርም 982 ነፃ መውጣት ይቻላል፤ ታክስ ለሚሠራልዎ ሰው ፎርሙን ሳይደብቁ ይስጡት።

ለኡበር ወይም ለታክሲ በብድር ተገዝቶ የተወሰደ መኪና ከሆነ ሌላ ነገር ይፈትሹ። አበዳሪው መኪናውን ከመሸጡ በፊት ሊያሳውቅዎት፣ ሽያጩንም በአግባቡ ሊያካሂድ ይገባል። የሽያጭ ማስታወቂያውንና ከሽያጩ በኋላ ቀሪ ዕዳው እንዴት እንደተሰላ የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ፤ ማስታወቂያው ካልተላከ ለድርድር ጥሩ ክንድ ይሆንዎታል። የፌዴራል የትምህርት ብድር ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፦ በ10 ተከታታይ ወራት ውስጥ 9 የተስማሙበትን ክፍያ በጊዜው ከፈጸሙ ዲፎልት የሚለው ምልክት ከሪፖርቱ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት የዘገዩት ወራት ግን ይቆያሉ።

ከከፈሉ በኋላ ስኮርዎ ባይዘል አይገረሙ። ፋይኮ 8 የተከፈለ ኮሌክሽንን እንደ ጥፋት ይቆጥራል፤ አዲሶቹ ስሌቶች ግን አይቆጥሩትም። የትኛውን እንደሚያይ የሚወስነው አበዳሪው ነው። ለማንኛውም ብድር የሚሰጥ ሰው «ተከፍሏል» የሚለውን ካልተከፈለው አስበልጦ ያያል። የስምምነቱን ደብዳቤ ከ7 ዓመት በፊት አይጣሉ።

6. በአሮጌው ላይ አዲስ ታሪክ ይጻፉ

በፋይኮ ስሌት 35 በመቶው በጊዜ መክፈል ነው፣ 30 በመቶው ከተፈቀደልዎ ገደብ ምን ያህሉን እንደተጠቀሙ። ሥራዎን እነዚህ ሁለት ላይ ያውሉ፤ የቀረው በራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ አሁን ያሉት ሂሳቦች ሁሉ ቢያንስ ሚኒመሙ በራሱ እንዲከፈል ያድርጉ። ክፍያ 30 ቀን ካልዘገየ ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ቅጣት ብቻ ከፍለው ያመልጣሉ። ሀገር ቤት ከመሄድዎ በፊት ይህን ሳያዘጋጁ አይሳፈሩ።

ካርድ የሚሰጥዎት ከጠፋ ሴኪዩርድ ካርድ ይውሰዱ። ለምሳሌ 200 ዶላር ያስይዛሉ፣ ያው 200 የእርስዎ ገደብ ይሆናል፤ ካርዱን በመልካም ሁኔታ ሲዘጉ ወይም ወደ መደበኛ ሲቀየር ይመለስልዎታል። ከመውሰድዎ በፊት ለሦስቱም ድርጅቶች እንደሚያሳውቅ ይጠይቁ፤ የማያሳውቅ ከሆነ ጥቅም የለውም። ዴቢትና ፕሪፔይድ ካርድ ይህን ሥራ አይሠሩም። እቁብም አይሠራም፤ ሃያ ዓመት ሳያጓድሉ ቢጥሉ አንዱም ወር የትም አይመዘገብልዎትም።

ካርዱን ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቤንዚን ይበቃል። ከገደቡ 30 በመቶ አይለፉ፤ 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በ200 ዶላር ካርድ 20 ዶላር ማለት ነው። ድርጅቶቹ የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ በተዘጋበት ቀን ያለውን ቀሪ ነው። ስለዚህ 150 ዶላር ተጠቅመው ከሆነ የመክፈያውን ቀን አይጠብቁ፤ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ይክፈሉት። «ወለድ ካልከፈልክ ስኮር አይወጣም» የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው፤ ሙሉውን ይክፈሉ።

ከክሬዲት ዩኒየን ክሬዲት ቢልደር ሎን መጨመር ይቻላል። ብድሩ በስምዎ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ሲጨርሱ ገንዘቡን ይወስዳሉ። ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ በቆየ ካርዱ ላይ ስምዎን ቢያስገባልዎም ይረዳል፤ እሱ ከዘገየ ግን የእርስዎም ይጎዳል። ይህን እየሠሩ ሳለ ለማንም ኮሳይን (የብድር ዋስ) ሆነው አይፈርሙ። ለአክስት ልጅ እምቢ ማለት እንደሚከብድ ይታወቃል፤ ሪፖርትዎን ያሳዩትና ራሱ ይፍረድ።

7. ለአዲስ ብድር ሲያመለክቱ

እያንዳንዱ ማመልከቻ ኢንኳየሪ ሆኖ ለ2 ዓመት ይታያል፤ በተከለከሉ ቁጥር ሌላ ቦታ መሞከር ነጥብ እየለቀሙ መጣል ነው። ለመኪና ወይም ለቤት ብድር ዋጋ ማወዳደር ከፈለጉ በ14 ቀን ውስጥ ይጨርሱት፤ እንደ አንድ ይቆጠራል። መኪና ሻጩ ጋ ከመግባትዎ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን ቅድመ ፈቃድ ይያዙ፤ ወለዱን የሚያወዳድሩበት ነገር ይኖርዎታል።

ለቤት ከሆነ የፌዴራሉ የቤት ብድር ዋስትና ድርጅት የኤፍኤችኤ ደንብ በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ለመግዛት 580፣ በ10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ 500 ስኮር ይጠይቃል። አበዳሪዎች ግን የራሳቸውን ከፍ ያለ መስፈርት ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ ከአንድ በላይ ይጠይቁ።

ሰባተኛው ዓመት የሚሞላበትን ወር ስልክዎ ካላንደር ላይ ያስገቡ። አሮጌው ዕዳ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ካልወረደ መጀመሪያ ያተሙትን ሪፖርት፣ የውዝፉ ቀን የተከበበበትን ገጽ፣ ከአጭር ደብዳቤ ጋር ለሦስቱም ይላኩ።